ጨፌውን ያዳኑ ድንጋዮች

ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ሐይቅ ከተማ፣ ከፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት፣ አንዲት ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ይዤ ስቀመጥ ፀጉሬ ጥቁር ነበር፤ አሁን ሸብቷል። ሰው በደሉን እንደመጣለት ይነግረኛል፣ እኔ ደግሞ ቢሮ በሚወደው ቋንቋ አሳጥሬ እጽፍለታለሁ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ሁለት ዓይነት ሰዎችን መናቅ ይለምዳል። አንደኛው ማመልከቻውን የሚቀበለው ነው፤ አያነበውም። ሁለተኛው የሚያስጽፈው ነው፤ ይነበብልኛል ብሎ ያምናል። ሦስተኛ የሚናቅ ሰው መኖሩን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ወደ ውጫሌ ከሚወስደው አስፋልት ታጥፎ ወደ ሐይቁ የሚወርድ መንገድ አለ፣ ሰፈራችን እዚያ ላይ ነው። ከሰፈሩ ግርጌ እስከ ውኃው ዳር ያለው ለጥ ያለ መሬት ጨፌ ነው፤ በጋም ቢሆን እርጥበት የማይለየው የሣር ሜዳ። ጠዋት ከዚያ ቆሞ ያየ ሰው ማዶ የእስጢፋኖስን ገዳም ዛፎች ያያል። ጨፌው የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ክረምት ሲገባ ይከለላል፣ አንድ ጥጃ እንኳን ገብታ ብትገኝ ባለቤቷ ይቀጣል። መስቀል አልፎ ሣሩ ሲደርስ የቅሬው ዳኛ ቀን ይቆርጣል፣ በዚያ ቀን ሁሉም ማጭድ ይዞ ይወርዳል፣ ሀብታሙም ድኃውም እኩል አጭዶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ለግጦሽ ይለቀቃል። እኔ ብዙ ነገር አላደንቅም፤ ይህን ግን አደንቅ ነበር።

ቅሬ የምለው ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ነው። በእኛ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ መቃብሩ ለየብቻ ቢሆንም ቅሬው አንድ ነው፤ ጥሩንባ ከተነፋ ሁሉም አካፋ ይዞ ይወጣል። ይህ ቅሬ ታዲያ አንድ ልማድ አለው። ቀብርም ይሁን ስብሰባ፣ የመጣ ሰው ስሙን ያስጽፋል፤ ያልተጻፈ ይቀጣል። ቅጣቱ ለስሙ ነው፣ የሚከብደው «እገሌ ቀረ» መባሉ ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ባየበት ሁሉ ስሜን ጻፉልኝ እያለ ይጋፋል። የቅሬው ጸሐፊም እኔው ነኝ።

ከጨፌው አፍ ላይ ያለችው ቤት የአንዲት ባሏ የሞተባት ሙስሊም ጎረቤቴ ናት። ሀብቷ አንድ ላም፣ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ልጁ ከተማ ባጃጅ ይነዳል፣ በቁመቱ የተነሳ ጉልበቱ መሪው ላይ እየደረሰ ሲነዳ ያየ ይስቅበታል። እሷ ወተት ለከተማ ታደርሳለች። ላሟ ከጨፌው ሌላ ግጦሽ አታውቅም፤ ጨፌው ሄደ ማለት ላሟ ሄደች ማለት ነው። ይህን እሷም ታውቀዋለች፣ እኛም እናውቀዋለን።

ለውጥ የተባለው መጣ። እኔ ቢሮ ለቢሮ የምዞር ሰው ስለሆንሁ ምን እንደተለወጠ ለማየት አልተቸገርሁም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ተለውጧል። ከግድግዳው ሥር የተቀመጡት እዚያው ናቸው። ትናንት ይሉት የነበረውን ትተው ዛሬ የሚባለውን ማለት ጀምረዋል፣ ያውም ሳይደናቀፉ። ከነሱ አንዱ የመሬት ጉዳይ ይመለከተዋል የተባለ ኃላፊ ነበር። ጎልማሳ ነው፣ ጫማው ላይ አቧራ አይታገስም፣ ያን ያህል ለሚጠላው መሬት ግን ኃላፊ አድርገውት ነበር።

ይህ ሰው አንድ ቀን ሠራተኞቹን ይዞ መጣና ጨፌውን በቀይ ቀለም በተቀባ ችካል ሸነሸነው። ነገሩ ሲጣራ፣ የቤት ማኅበር ተቋቁሟል፣ ጨፌው ለመኖሪያ ቤት ይሰጣል ተባለ። ማኅበርተኞቹ እነማን እንደሆኑ ለጊዜው አልተነገረንም። ድንጋይ ጭነው የመጡ መኪኖች ግን ማንንም ሳይጠይቁ ለመሠረት የሚሆን ድንጋይ ከጨፌው ጥግ ገለበጡ። ሰፈሩ ሲንጫጫ ኃላፊው ስብሰባ ጠራ።

ስብሰባው እዚያው ጨፌው ላይ ድንኳን ተተክሎ ነው የተደረገው። ለስላሳና ብስኩት ቀረበ። ኃላፊው «እንደሚታወቀው» ብሎ ጀመረ፤ ሲጀምር ያልታወቀ ነገር ሊናገር እንደሆነ እኛም ገብቶናል። ስለ ሐይቅ ዳር ውበት፣ ስለ ዘመናዊ ኑሮ፣ ነዋሪው ቅድሚያ እንደሚያገኝ ተናገረ። የኛዎቹ ሽማግሌዎች ተነሥተው መለሱ። እውነት ለመናገር እንደዚያ ቀን አማርኛ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ጨፌው ከአባት እንደመጣ፣ ዱአ ለዝናብ የሚደረገው እዚያ እንደሆነ፣ አጨዳው እንዴት ሰውን እንዳስተካከለ ተናገሩ። ኃላፊው ራሱ አጨበጨበ፣ እኛም እሱ ሲያጨበጭብ አሸነፍን አልን። በጥሩ ንግግር ጨፌ የሚድን መስሎን ነበር።

በመጨረሻ ረዳቱ ወረቀት አወጣና መገኘታችሁን የሚያሳይ ነው፣ ስም ብቻ ነው አለ። ወረቀቱ ራስጌው ባዶ ነበር። ጽሕፈትህ ጥሩ ነው ብለው ለእኔ ሰጡኝ። እኔ፣ በወረቀት የማድር ሰው፣ ከሁሉ በፊት የራሴን ስም ጻፍሁና ፈረምሁ። ከዚያ ሰፈሩ ላዬ ላይ ወጣ። ቅሬ ነዋ፤ ያልተጻፈ ይቀጣል። ያልመጣ ወንድሙን የሚያስጽፍ፣ ለታመመች ሚስቱ ጣቱን ቀለም እየነከረ የሚያትም ነበር። ጎረቤቴም ገፍታ መጣችና የሷን ካስጻፈች በኋላ «ያ ልጄ ሥራ ላይ ሆኖ ነው እንጂ አይቀርም ነበር፣ እሱንም ያግቡልኝ» አለችኝ። ስሙን አገባሁላት። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እኛን ቢያይ ይጽናና ነበር።

ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ይዤ ቢሮው ስገባ ጸሐፊዋ ፋይሉን አውጥታ አሳየችኝ። ባዶ የነበረው ራስጌ ተሞልቷል። ጨፌው ለመኖሪያ ቤት ልማት እንዲውል የተስማሙ ነዋሪዎች ስም ዝርዝር ይላል። ከሥሩ የኔ ቆንጆ ጽሕፈት አለ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ስህተት እንኳን የለበትም። በሕይወቴ ብዙ ተዋርጃለሁ፤ በራሴ እጅ ጽሕፈት ስዋረድ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሄድሁበት ቢሮ ሁሉ ያችኑ ወረቀት ያሳየኛል። ወረዳ ሄድሁ፣ ደሴ ድረስ ሄድሁ። ተስማምታችኋል ይሉኛል። አልተስማማንም፣ ተገኘን እንጂ ስል ይስቃሉ። አቤቱታ አስገባለሁ፣ ቆይቼ እጠይቃለሁ፣ «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። ይህችን ቃል የፈጠራት ሰው ቢገኝ እጄን ሳልሰጠው ፊቱን ብቻ አይቼ ብመለስ ይበቃኛል። አለ አይባል፣ የለም አይባል፤ ሰውን ሳይመልሱ የሚመልሱባት ቃል ናት። ሁለት ዓመት በዚች ቃል ተመላለስሁ።

ጎረቤቶቼም የሚናቁ ሆኑ። ቀን ከእኔ ጋር ጨፌያችን እያሉ የሚጮኹት፣ ጎን ለጎን በቤት ማኅበሩ እየተመዘገቡ መሆናቸውን ያወቅሁት አንድ ምዝገባ ፈላጊ ሳያውቀኝ ፎርም አስሞላኝና ነው። ከሱ በላይ ባለው መስመር የቅሬው ዳኛ አማች ስም ነበር። ጨፌው ከዳነ ሣሩ አለ፣ ካልዳነ ቤቱ አለ ብለው በሁለት ቢላ ሊበሉ ነው። ዳኛውን ስጠይቀው አማቹ እንደማይሰማው፣ የዛሬ ልጅ እንደዚህ እንደሆነ ነገረኝ። እሱ ራሱ ግን ዓይኔን አላየኝም።

በዚህ መሃል ጦርነቱ መጣ። ሰሜን ነው ሲባል ሰነበተ፣ ወልድያ ነው ተባለ፣ ከዚያ ውጫሌ ነው ተባለ። ሕዝቡ አካባቢውን ሳይለቅ ነቅቶ ይጠብቅ ብሎ በድምፅ ማጉያ እየዞረ ያወጀው ያው የመሬት ኃላፊ ነበር። በነጋታው ጠዋት የቢሮውን መኪና ጭኖ በደሴ በኩል ሲያልፍ ታይቷል። ማኅተሙን ይዞ ነው የሄደው፤ አገር ቢጠፋ ማኅተሙ እንዳይጠፋ።

የጎረቤቴ ልጅ ባጃጇን ለጓደኛው አስረክቦ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር በአምባሰል በኩል ወጣ። ለሦስት አንድ ጠመንጃ ነበራቸው። እናቱ እስከ አስፋልቱ ሸኘችው። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው የለም። አብረውት ከወጡት አንዱ ውጫሌ አካባቢ ተለያየን አለ፣ ሌላው የለም ከዚያም በፊት ነው አለ። እሷም ላሟን ለእኔ አደራ ብላ ከሚሸሸው ሰው ጋር ወደ ኮምቦልቻ ሄደች፤ ሸሽታ አይደለም፣ ፍለጋ ነው።

እኔ ጉልበቴ ስለማይታዘዘኝ ቀረሁ። ሌሎች ሽማግሌዎችም ቀሩ። በዚያ ወቅት ከሰፈራችን ሁለት ሰው ሞተ፤ አንድ አዛውንት በሕመም፣ አንዲት ሙስሊም ወጣት በወሊድ። መንገዱ በታጣቂ የተያዘ ስለሆነ አዛውንቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ልጅቱን ወደ መስጊዱ መቃብር መውሰድ አልተቻለም። ጥሩንባ ሳንነፋ ጨፌው ራስጌ ካለው ሾላ ሥር ጎን ለጎን ቀበርናቸው። ስለዚያ ቀን የማፍርበት ነገር የለኝም። በዚያ ጨፌ ላይ የሠራነው የመጨረሻ ንጹሕ ሥራ እሱ ነው።

ታጣቂው ወጣ፣ ሰው ተመለሰ፣ ቢሮውም ተመለሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኃላፊው ድንኳን አስተክሎ እንዴት እንደተዋጋን ነገረን። ተዋጋን ሲል እኛ ማለቱ ነው ወይስ እሱ፣ አልገለጸውም። ከንግግሩ በኋላ ችካሎቹን ሊያይ ወረደ። ችካል የለም፤ እንጨት በጠፋበት ጊዜ አንድደነዋል። ሁለቱን መቃብሮች ሲያይ ግን ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። መቃብር ላይ ቤት ሠራ መባልን እሱም ፈራ፤ ወሎ ውስጥ የሙት ቦታ የነካ ሰው ስሙ ከነዘሩ ነው የሚነሣው። ይህችን ጥግ እንተዋታለን፣ ሌላው ይቀጥላል ብሎ ሄደ።

ያን ዕለት ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዳኛው ነው የሚሉ አሉ፣ ዳኛውም አልካደም፤ ነገር ግን እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ጥጓ ስለዳነች ፈጣሪን ሲያመሰግኑ ሰማሁና ተናደድሁ።

«ሁለት መቃብር ጥጉን ካዳነ፣ ዘጠኝ ቢጨመር ጨፌውን ያድናል» አልኋቸው። «ሬሳ አያስፈልግም። ድንጋይ ይበቃል።»

ማንም አልተቃወመም። አንድ ሰው እንኳን «ነውር ነው» አለማለቱ ዛሬም ይገርመኛል። ኃላፊው ደሴ ለስብሰባ በሄደበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቅሬው በሙሉ ወጣ። ድንጋዩ የቤት ማኅበሩ ለመሠረት ብሎ የገለበጠው ነው፤ ቅርብም ነው፣ ጥሩም ነው። እኔም ልማዴ ነውና የተገኘውን ሰው ስም ጻፍሁ።

ሥራው ሊጀመር ሲል ጠብ ተነሣ። የሌሉት ሙታን ሙስሊም ናቸው ወይስ ክርስቲያን? በእኛ አገር ቂብላው፣ የሙስሊም ሬሳ ፊቱን የሚያዞርበት፣ ወደ ሰሜን ስለሆነ የሁለቱም መቃብር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚዘረጋው፤ በዚያ በኩል ችግር የለም። ጠቡ የራስጌና የግርጌ ድንጋይ ይቁም ወይስ መስቀል ይደረግ በሚለው ነው። ባልተወለዱ ሰዎች ሃይማኖት ትልልቅ ሰዎች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ተከራከሩ። በመጨረሻ አራቱ ለሙስሊም፣ አራቱ ለክርስቲያን ተባለ። ዘጠነኛው ተረፈ። ለማን እንደሚሰጥ ስላልተስማሙ ዳኛው ምልክት ሳይደረግበት ይቅር፣ አላህም እግዜርም ያውቁታል ብሎ ፈረደ። ድንጋይ ተርፎን ስለነበር የተረፈውን ሁሉ እሱ ላይ ጫንነውና ከሌሎቹ ረዘመ።

ሥራው እንዳለቀ ሴቶቹ ንፍሮ ይዘው ወረዱ። ማንም አላዘዛቸውም። ቅሬ ወጥቶ መቃብር ተሠርቶ ንፍሮ ሳይበላ መበተን በኛ ዘንድ አይታወቅም፣ እጃቸው ስንዴና ሽንብራውን ራሱ ቀቀለው። ሼሁም ቄሱም ባዶ ላይ አንጸልይም ብለው ሳይመጡ ቀርተዋል፤ እኛ ግን ዘግነን ዘግነን በላን። ከበላን በኋላ አንዱም ወደ መቃብሮቹ ጀርባውን ሰጥቶ አልተቀመጠም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከእጃችን የወጣው፣ ግን አላስተዋልሁም። እኔ ማመልከቻ እያሰብሁ ነበር። በነጋታው «በጦርነቱ የወደቁ፣ ማንነታቸው ያልታወቀ ወገኖቻችን ያረፉበት ሥፍራ» ብዬ ጽፌ አስገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማመልከቻዬ በክብር ተቀባይ አገኘ። እውነት የጻፍሁባቸውን ማንም አላነበባቸውም ነበር።

ጎረቤቴ ከኮምቦልቻ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ሆስፒታሉን፣ መጠለያውን፣ የእስረኛውን ዝርዝር ሁሉ አዳርሳ ባዶ እጇን መጣች። መርዶ አልደረሳትም፣ መርዶ ስላልደረሳትም አልቅሳ አታውቅም፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሳይነግር ለቅሶ አይቀመጡም። ላሟን ልትቀበለኝ ስትወርድ ድንጋዮቹን አየች። ዳኛው እዚያው ነበር፣ እኔም ነበርሁ። እነማን ናቸው ብላ ጠየቀች። ዳኛው ጨፌው ላይ ወድቀው የተገኙ የማይታወቁ ልጆች ናቸው አላት። ምልክት የሌለው ይህ ለምንድን ነው አለች። ሃይማኖቱን ስላላወቅን ነው አላት።

«ቁመቱስ?» አለች።

ዳኛው ወደ ድንጋዩ አየ። የሠራነውን ርዝመት በዓይኑ ለካና «ረዘም ያለ ልጅ ነው» አላት።

እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ እዚያው ተቀመጠች። ኢናሊላሂ አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ዳኛውን በዚያች ሰዓት አንቄ ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን እሱ በአንድ ቃል ሲዋሽ እኔ አጠገቡ ቆሜ ቃል አልወጣኝም።

ለቅሶ ተቀመጠች። ቅሬው ጥሩንባ አስነፋ፣ ምን ያድርግ። ያንን ድንጋይ የደረደሩት እጆች ሦስት ቀን ሙሉ ጉንጫቸውን ደግፈው ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ ያየሁት ያለ አንጀትም እንደማይገድ ነው። ከድንኳኑ ውጭ ግን ለብቻ ለብቻ ሲገናኙ የሚያወሩት ነገሩ ካሁን በኋላ አስተማማኝ ስለመሆኑ ነበር። እናት ያለው መቃብር ማን ይነካል?

የሚነካ መጣ። በማኅበሩ ከተመዘገቡት አንዱ፣ ቤቱ ያመለጠው መስሎት፣ መቃብሮቹ ባዶ ናቸው ብሎ ለኃላፊው ጆሮ አደረሰ። ኃላፊው እንደገና ወረደ፣ በዚህኛው ጊዜ ባርኔጣውን አላወለቀም። ሐኪም ይመጣል፣ ይቆፈራል፣ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ያስዋሸው ይጠየቃል ብሎን ሄደ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ሰሞን በየመንገዱ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ጠፋ።

በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ ከተማ መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጠች። የወተት ጠርሙስ አኖረችልኝ።

«አያ፣ አላህ ያክብርዎ፣ አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ» አለችኝ። «ልጄን እናት ሆኜ አልቀሰቅሰውም ነበር። ግን ምልክት የለውም አሉኝ። ፊቱን ወዴት አርገው እንዳስተኙት ሳላውቅ ወላሂ እንቅልፍ የለኝም። አንዴ ተከፍቶ ይታይልኝ። ወደ ቂብላ ከሆነ ይመለስ፣ እኔም አርፋለሁ። ካልሆነም አዙረን እንመልሰዋለን።»

እንግዲህ እሷም ይቆፈር ትላለች፣ ኃላፊውም ይቆፈር ይላል። ከተቆፈረ የሚገኘውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ከድንጋዩ ሥር ሣር አለ፣ ፀሐይ ስላጣ የነጣ ሣር። እውነቱን ብነግራት ጨፌው ይሄዳል፣ ከጨፌው ጋርም ላሟ። ለሷ ብዬ ነው ዝም ያልሁት ብል የሚያምነኝ አይጠፋም። ግን አይደለም። ለጨፌው ብቻም አልነበረም። ያንን ጫማው ላይ አቧራ የማይታገስ ሰው ፊት ለፊት ቆሜ መሸነፍ አልፈለግሁም፤ ሁለት ዓመት ሲስቅብኝ ነበርና አንዴ እኔ መሳቅ ፈለግሁ።

ወረቀት አወጣሁ። ጉዳዩ፡ የተሠዋ ልጄ መቃብር እንዳይቆፈር ስለመጠየቅ፣ ብዬ ጻፍሁ። እኔ የዚህ ሟች እናት፣ የልጄ አፅም በሰላም ያረፈበት ሥፍራ በማናቸውም ምክንያት አካፋ እንዳይነካው፣ አካባቢውም ለግንባታ እንዳይውል በእናትነት እማፀናለሁ፣ ብዬ ቀጠልሁ። በሕይወቴ ከጻፍኋቸው ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ከዚያ አነበብሁላት። ሳነብላት ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነበር፣ ከአፌ የሚወጣው ግን እሷ የለመነችው ነበር፦ ይከፈት፣ ፊቱ ይታይ፣ ወደ ቂብላ ይዙር። መሃል ላይ አንዴ አስቆመችኝና «ቀስ ብለው ይቆፍሩ የሚል ያግቡበት» አለችኝ። እንዳገባሁ መስዬ እስክሪብቶውን አንቀሳቀስሁ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ከሥሩ አተመች። ጣቷ የላም ማለቢያ ጣት ናት፣ ወፍራም፣ አሻራዋ በደንብ ወጣ።

ኃላፊው ወረቀቱን እኔው ራሴ ስሰጠው ቆሞ አነበበ፤ የሚያነብ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። በዚያ ወቅት የወደቀ ልጅ እናት የምትለውን አልሰማም የሚል ባለሥልጣን አልተፈጠረም ነበር። ቁፋሮው ቀረ። የቤት ማኅበሩም ከአስፋልቱ በላይ ሌላ ቦታ ተሰጠው፤ እዚያ ደግሞ የሌላ ሰፈር ሰው እያለቀሰ ነው፣ ማመልከቻም የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ጨፌው ዳነ። ሰፈሩ አመሰገነኝ፣ ዳኛው ዓይኔን ማየት ጀመረ። በመስቀል ማግስት ቀን ተቆርጦ ሁላችንም ማጭድ ይዘን ወረድን። ዘጠኙን ድንጋይ እየዞርን አጨድን፣ አጠገባቸው ያለውን ሣር ግን ማንም አልነካውም።

እሷ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ረዥሙ መቃብር አጠገብ ተቀምጣ ዱአ ታደርጋለች፣ ላሟ ከጎኗ ትግጣለች። በገበያ ቀን ወተቷን አድርሳ ስትመለስ በጠረጴዛዬ በኩል ታልፋለች። አንዳንዴ ባለጉዳይ ይዤ ካየችኝ እስክጨርስ ዳር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«አያ፣ ያ ወረቀት ምን ደረሰ?» ትለኛለች።

«በሂደት ላይ ነው፣ እታለም» እላታለሁ።

«አብሽር፣ እርስዎ ምን ያርጉ፣ ይመጣል» ትለኝና ጠርሙሷን አኑራልኝ ትሄዳለች።